ሦስት ፊልም በአንድ ወረቀት አይመዘንም፦ የአንቶሎጂ አኒሜሽን ተመልካች አስተያየት አሰባሰብ

አንቶሎጂ ፊልም (የተለያዩ አጫጭር ታሪኮችን በአንድ የያዘ ፊልም) ካለቀ በኋላ ተመልካቹን «እንዴት ነበር?» ብትሉት የሚነግራችሁ ስለ መጨረሻው ክፍል ነው። ካልሆነም ይሉኝታ ይዞት «ቆንጆ ነው» ብሎ ይገላገላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ክፍል እንዳለቀ፣ ቀጣዩ ሳይጀምር፣ ሳይነጋገሩ ማስጻፍ።

ለምሳሌ «ሜሞሪስ» የተባለውን ፊልም ለ25 ተመልካች ልታሳዩ ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የወጣ ሳይንሳዊ ልብወለድ አኒሜሽን ነው፤ ርዝመቱ 113 ደቂቃ፣ ክፍሎቹ ሦስት፣ የየክፍሉ ዳይሬክተርም የተለያየ። የኮጂ ሞሪሞቶ ክፍል የጭንቀት ጥሪ ሰምተው ወደ አንዲት ኦፔራ ዘፋኝ ትዝታ የገቡ የጠፈር ቁርጥራጭ ሰብሳቢዎችን ይከተላል። የተንሳይ ኦካሙራው የጉንፋን መድኃኒት መስሎት በዋጠው ክኒን ምክንያት ሰውነቱ ገዳይ ጠረን ስለሚያመነጭ ሠራተኛ ነው፤ ያስቃል። የካትሱሂሮ ኦቶሞው ደግሞ ኑሮዋ ሁሉ መድፍ መተኮስ የሆነ ከተማን፣ ካሜራው ሳይቆረጥ የሚሄድ በሚመስል አንድ ረጅም ምስል ያሳያል። ኀዘን፣ ሳቅና ድንጋጤ በአንድ ከሰዓት ተደራርበው ሲመጡ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል።

መጀመሪያ ፈቃድ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱ መብት ነው፤ መግቢያ ባታስከፍሉም ባለመብቱን ጠይቁ። በጥሪው ላይ «ለአዋቂዎች» ብላችሁ ጻፉ። «ካርቱን» የሚለውን ቃል ሰምቶ ልጁን ይዞ የሚመጣ ወላጅ አይታጣም፤ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ብዙ ሰው ይሞታል።

አዳራሹ አራት ኪሎም ይሁን ፒያሳ፣ ለ25 ሰው የካፌ ፎቅ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ክፍል አትያዙ፤ የከሰዓት ዝናብ ሲወርድ የፊልሙ ድምፅ አይሰማም። ለመጋረጃ የተተኮሰ አቡጀዴ ይሆናል፤ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ከቀኑ 8:30 ብትጀምሩ፣ ውይይቱ ተጨምሮ 11:30 ሳይሆን ትጨርሳላችሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ስለ ታክሲ ሰልፍ እያሰበ ነው የሚመልስላችሁ።

መብራት ቢጠፋስ? ፕሮጀክተሩ 250 ዋት፣ ላፕቶፑ 50፣ ድምፅ ማጉያው 30 ቢወስዱ በድምሩ 330 ዋት ነው። 500 ዋት-ሰዓት የሚል ባትሪ በመቀየሪያው (ኢንቨርተሩ) ብክነት ምክንያት 425 ያህል ብቻ ያወጣል፤ 77 ደቂቃ ላይ፣ ሁለተኛው ክፍል ሊያልቅ ሲል ያልቅባችኋል። በየክፍሉ መሐል የምታቆሙበትን ጊዜም ቆጥራችሁ ቢያንስ 800 ያዙ። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር በድንገት ከጠፋ ቶሎ አትቀስቅሱት፤ እስኪቀዘቅዝ አይበራም፣ ብታስገድዱትም አምፖሉ ይጎዳል።

የግርጌ ጽሑፉ (ሰብታይትሉ) ላይ ጊዜ ስጡ፤ «አልገባኝም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፊልሙ ሳይሆን ከዚህ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። «ከመርከቡ የወጣው ሰው ወደ አዳራሹ» የሚለው ተነቦ «አልገባም» የሚለው በቀጣዩ ምስል ቢመጣ፣ ተመልካቹ ለሁለት ሰከንድ ሰውየው ገብቷል ብሎ ያያል። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ይታይ፤ ካልበቃ ቃል ቀንሱ እንጂ አትክፈሉት። በአንድ መስመር ከ28 እስከ 30 ፊደል ይበቃል፤ ፊደላችን ሰፊ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ከምስሉ ይርቃል። ፋይሉን የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው «ዩቲኤፍ-8» በተባለው የጽሑፍ ኮድ አስቀምጡ። በቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ፣ በግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያው ገብታችሁ ኒያላን ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት ምረጡ። ይህን ከአንድ ቀን በፊት፣ በዚያው ላፕቶፕ ሞክሩት።

አሁን ወረቀቱ። አንድ ኤ4 ለአራት ይቆረጣል፤ ለ25 ሰው ለሦስት ክፍል 75 ቁራጭ ማለትም 19 ሉህ ያስፈልጋል። ለየክፍሉ የተለየ ቀለም ቢሆን ሲደባለቅ ለመለየት ይቀላል፤ ያኔ ግን ከየቀለሙ 7፣ በድምሩ 21 ሉህ ያዙ። በስም ፋንታ የወንበር ቁጥር ይጻፍ፤ ስም ካለበት ይሉኝታ ይመጣል። አራት ጥያቄ ብቻ፦ ዓይናችሁ ላይ የቀረው ምስል የቱ ነው? የሰለቻችሁ የት ላይ ነው? ያልገባችሁ የት ላይ ነው? ከ1 እስከ 5 ስንት ትሰጡታላችሁ? ቁጥሩ መጨረሻ ላይ መሆኑ ግድ ነው። ቀድሞ ከመጣ ሰው በሰጠው ቁጥር ልክ ምክንያት ይፈጥራል። «የሰለቻችሁ» የሚለውንም «ያልወደዳችሁት ካለ» ብላችሁ አታለሳልሱት፤ «ካለ» ስትሉ «የለም» በሉ ማለታችሁ ነው።

የክፍሉ የመጨረሻ ምስል ሲጠፋ፣ የቀጣዩ ርዕስ ሳይመጣ አቁሙ። መብራቱን በግማሽ አብሩ፣ 3 ደቂቃ ስጡ፣ ወሬ አይፈቀድም። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ኧረ ምርጥ ነው!» ካለ የዚያ ክፍል ወረቀት ተበላሽቷል፤ ከኋላ ያሉት የሱን ቃል ነው የሚጽፉት። ወረቀቱን ወዲያው ሰብስቡ፤ እጃቸው ላይ ከቀረ ሦስተኛውን አይተው የመጀመሪያውን ቁጥር ያርሙታል።

ለውይይቱ 40 ደቂቃ ይበቃል። በመጀመሪያው ክፍል ጀምሩ፤ የራቀው እሱ ነውና። መጀመሪያ የሚናገር ዝምተኛውን ምረጡ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ካሉ ግን በመሐል ጋብዟቸው፤ እሳቸው ከጀመሩ ቀጣዮቹ በአክብሮት «እንዳሉት» ብቻ ይላሉ። የኦቶሞው ክፍል ርዕስ በእኛ አነጋገር «የመድፍ ሲሳይ» ነው፤ ጠላቱ በማይታይ ጦርነት የሚኖር ከተማ አይቶ ያየውን የራሱን ጦርነት የማያነሳ አዲስ አበቤ ጥቂት ነው። አታቋርጡት። ሲጨርስ «ይህን ያስታወሰህ የትኛው ምስል ነው?» ብላችሁ ወደ ፊልሙ መልሱት፤ ያኔ ሌላውም ይገባበታል።

ወረቀቱን ስታነቡ ቁጥሩን ደምራችሁ አታካፍሉ። 12 ሰው 5፣ 13 ሰው 1 ቢሰጥ አማካዩ 2.92 ይወጣል፤ 3 የሰጠ ግን አንድም የለም። ስንት ሰው የትኛውን ቁጥር እንደሰጠ ዘርዝሩ። ከዚያ የሦስቱን ቀለም ወረቀት በወንበር ቁጥር አያይዙ፤ ሦስቱንም 5 የሰጠ ሰው ካለ የጻፈውን ምስል እንጂ ቁጥሩን አትያዙ። ስልቸታን በተመለከተ፣ 8 ሰው አንድ ቦታ ከጠቀሰ ድካሙ የፊልሙ ነው። ስምንቱ ስምንት የተለያየ ቦታ ከጻፉ ደግሞ ወንበሩንና የክፍሉን ሙቀት ተመልከቱ።