ፎርክሊፍት ሲገለበጥ ለመዝለል አትሞክሩ

በአሜሪካ መጋዘኖች ፎርክሊፍት (ጭነት በሹካ የሚያነሣ ማሽን) የምትነዱ ወገኖቼ፣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት የመቀመጫ ቀበቶአችሁን እሰሩ። በዚያ አገር በፎርክሊፍት ለሚደርሰው ሞት ከዋነኞቹ መንስኤዎች አንዱ የማሽኑ መገልበጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሹፌሩን የሚገድለው ለማምለጥ ሲዘል ከራሱ በላይ ያለው የመከላከያ ብረት ከወለሉ ጋር ስለሚያጣብቀው ነው።

ስለዚህ ተቀምጣችሁ የምትነዱት ማሽን ማዘንበል ከጀመረ፣ ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ወለሉ ላይ አደላድሉ፣ ከሚወድቅበት ጎን በተቃራኒው አዘንብሉ። ከኋላ ተገብቶ ቆመው የሚነዱት ዓይነት ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ላይ ወደ ኋላ ወርዶ መራቅ ይመከራል።

ማሽኑ አራት ጎማ ቢኖረውም፣ ሚዛኑን የሚጠብቀው ሁለቱ የፊት ጎማዎችና የኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት) መሃል ነጥብ በሚፈጥሩት ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። ጭነቱ ከፍ ብሎ እያለ በፍጥነት ከታጠፋችሁ የክብደቱ ማዕከል ከዚያ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። በመሆኑም ስትጓዙ ሹካውን ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ አንሡት፤ ፓሌቱን (ጭነቱ የተደረደረበትን ርብራብ) ከፍ የምታደርጉት መደርደሪያው ፊት ከቆማችሁ በኋላ ይሁን። በተዳፋት ላይ ጭነቱ ምንጊዜም ወደ ዳገቱ ይዙር፤ ቁልቁል ስትወርዱም በኋላ ማርሽ ውረዱ።

በጣም የሚያሳስበኝ «ባዶውን ነው፣ አይገለበጥም» የሚለው ግምት ነው፤ ባዶ ፎርክሊፍት በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን ለመገልበጥ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።