ጥቅል ጎመን ተክላችሁ ትሉ ካስቸገራችሁ

ሱሉልታም ሆነ ሰበታ ጓሮ ላለው ሰው ጥቅል ጎመን ይመቻል፤ ብርዱን ይወደዋል። አስቸጋሪው ተባዩ ነው፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ማጠጣት ስትጀምሩ። ኃይለኛ ዝናብ ብዙ ትልና ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) አጥቦ ይጥላል። በበጋ ይህ ሥራ የእናንተ ነው።

ኮፐንሃገን ማርኬት የሚባለው ዝርያ በብዛት ይተከላል። መደብ ላይ ዘርታችሁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላው አዛውሩት፤ በችግኞቹ መካከል 40፣ በመስመሮቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጠዋት ችግኙ ከአንገቱ ተቆርጦ ከወደቀ ቆራጭ ትል ነው። ቀን ቀን አፈር ውስጥ ስለሚደበቅ እዚያው ሥሩ አጠገብ ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

ዋናዋ ጠላት ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጠው አረንጓዴ ትል ናት። ቅጠሉን ከሥር በኩል ትበላውና ስስ ሽፋን ብቻ ታስቀራለች። በጣታችሁ ነካ ስታደርጓት እየተፈራገጠች ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ አንዳንዴም በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። ይህን ካያችሁ አትጠራጠሩ፣ እሷው ናት።

እዚህ ላይ ሰው ወዲያው መድኃኒት ሊገዛ ይሮጣል። እባካችሁ ቆይ በሉ! ይህች ትል መድኃኒት በመላመድ በዓለም የታወቀች ናት፤ አንዱን ኬሚካል ደጋግማችሁ በረጫችሁ ቁጥር እሷ እየለመደችው ትሄዳለች፣ የሚያልቁት እሷን የሚያጠፉልን ጥቃቅን ተርቦች ናቸው። ለጓሮ በሳምንት 2 ጊዜ ቅጠሉን እየገለበጡ በእጅ መልቀም ይሻላል። የግድ መርጨት ካለባችሁ መድኃኒቱን እየቀያየራችሁ ተጠቀሙ፣ ከርጭት በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ አንብቡ፣ ቀኑ ሳይሞላ ለልጆቻችሁም ለገበያም እንዳትቆርጡ።

መሃሉ ላይ ግራጫ ዱቄት የተነፋበት ከመሰለ ክሽክሽ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና አመሻሽ ላይ ከቅጠሉ ሥር ሳይቀር እርጩት፤ ሳሙናው ካልነካው አይሞትም። ከመሃላቸው አብጠው ቡናማ የሆኑትን ግን ተዉአቸው፣ ሆዳቸው ውስጥ ሌሎች ክሽክሾችን የሚያጠፋ ተርብ እያደገ ነው።

ጎመኑን ስትቆርጡ ጉቶውን ነቅላችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ ትሉም ክሽክሹም እሱ ላይ ይከርማል። በቀጣዩ ወቅት እዚያ መደብ ላይ ሽንኩርት ወይም ካሮት ይግባ፤ የሀበሻ ጎመንም ጎመን ዘርም ዘመዶቹ ስለሆኑ አይተኩትም።