እርዱ የካንሰር ዕጢው ጋ ይደርሳል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ገበያ አንዲት እናት ጥቁር አዝሙድ ሲገዙ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሻጯ በብርጭቆ እየሰፈረች፣ "ይሄ ካንሰርን ድራሹን ያጠፋል፤ ጥናት ወጥቶበታል" አለች። ጥናቱስ እውነት ወጥቷል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

"ላብራቶሪ ውስጥ ገደለ" ሲባል "ያድናል" ብሎ መስማት

ከጣርማ በር የሚመጣው ጦስኝ ውስጥ ያለው ካርቫክሮል የሚባል ንጥረ ነገርም የላብራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ይገድላል። በረኪናም ቢያፈሱበት ይገድላል።

ሴሉ የሰጡትን ዝም ብሎ የሚጠጣ አድርጎ ማሰብ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የካንሰር ሴል የራሱ ኢንዛይሞች፣ ማለትም አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡ ፕሮቲኖች፣ አሉት። ከተክል የመጣውን ንጥረ ነገር ይይዝና ከስኳር የተሠራ አሲድ ይለጥፍበታል። ያኔ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ተጠርጎም ይወጣል። አንዳንዱ ሴል ደግሞ ሽፋኑ ላይ ፓምፕ አለው፤ የገባውን መልሶ ይተፋዋል። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት መሥራት የሚያቆምበት አንዱ ምክንያት ይሄው ፓምፕ ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው። ሲዋይፒ1ቢ1 የሚባል ኢንዛይም ብዙ ዕጢዎች ውስጥ በርከት ብሎ ይገኛል። የወይን ልጣጭ ውስጥ ያለውን ሬስቬራትሮልን ሲያገኝ ፒሲአታኖል ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይቀይረዋል። ይሄኛውም በላብራቶሪ ፀረ ካንሰር ባህርይ ታይቶበታል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ሴሉ መታነቂያ ገመዱን ራሱ ገመደ በሉት። እንግዲህ "ተክሉ ጥሩ ነው" ብቻ አይበቃም፤ የዚያ ሰው ዕጢ የትኛውን ኢንዛይም ይዟል?

የዋጡትን ሁሉ ዕጢው ጋ እንደደረሰ መቁጠር

የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከመቶ 3 እጅ ገደማ ነው። እሱንም ቢሆን ዕጢው ሳያየው አንጀትና ጉበት ይለውጡታል። አልጫው ላይ ቁንዶ በርበሬ ጣል ሲደረግ ግን፣ በርበሬው ውስጥ ያለው ፒፐሪን ይህን የማስወገድ ሥራ ያዘገየዋል። ብልሃት ይመስላል አይደል?

ከሀኪም መደበቅ

ጉበት መድኃኒቶችንም የሚያስወግደው በእነዚሁ መንገዶች ነው። መንገዱ ሲዘጋ ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ከልክ ሊያልፍ ይችላል። አንዳንድ ተክል ደግሞ ያፋጥነውና መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጨርስ ይወጣል። ወጥ ውስጥ ከሚገባው ቅመም ይልቅ የሚያሰጋው በካፕሱልና በዘይት ተጠናክሮ የሚወሰደው ነው። ሰው ግን "ሀኪሙ ይቆጣኛል" ብሎ ዝም ይላል።

"ኬሞ ኬሚካል ነው፣ ቅጠል ተፈጥሮ ነው" ማለት

ቪንክሪስቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት የተገኘው ከማዳጋስካር አበባ ነው። አሜሪካ በ1992 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ሌላው የኬሞ መድኃኒት ፓክሊታክሰልም መነሻው የዛፍ ቅርፊት ነው። እነዚህ ግን ነጥረው ወጥተው፣ ተለክተው፣ በደም ሥር ነው የሚሰጡት።

እኒያን እናት ለማን እንደሚገዙ ጠየቅኳቸው። ለእህታቸው ነው፤ አዲስ አበባ ኬሞ ጀምራለች።

"ሀኪሟ ያውቃል፣ እናቴ?"

"ኧረ ምን ብላ ትነግረዋለች ልጄ!"

ፌስታሉን ቋጠሩና ስልካቸውን ከመቀነታቸው አወጡ።