በትንሽ ገንዘብ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ እንዴት ይጀመራል?

ሊገዛ የመጣው ሰውዬ ብዙ አላወራም። ሳሎኑን አየ፣ ወጥ ቤቱን አየ፣ መኝታ ቤት ሲገባ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆየና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገው። "ይረጥባል" አለኝ። ቀለሙ ከተቀባ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም ዋጋ ያወረዱብኝ በዚያችው ግድግዳ ነው።

የመጀመሪያ ቤቴ ነበር። ገዝቼ፣ አድሼ፣ አትርፌ ልሸጥ ነው ሐሳቤ። መሸጡንስ ሸጥኩት፤ ትርፉ ነው የቀረው። ይህን የምጽፈው እንደኔ ኪሱ ሳሳ ብሎ ሥራውን መሞከር ለሚፈልግ ሰው ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡን ለዩ

ያላችሁን ሁሉ በቤቱ መግዣ ላይ አትጨርሱ። የጥገናውን ለብቻ፣ መጠባበቂያውን ለብቻ አስቀምጡ። መጠባበቂያ የምለው ከጥገናው ግምት ቢያንስ 15 በመቶ ነው፤ ቤቱ ያረጀ ከሆነ 20 አድርጉት።

አቅም ካነሰ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቤቱ ውስጥ እየኖሩ ማደስ ነው። አቧራው ያማርራል፣ ግን ኪራይ ይቀርላችኋል። ሌላው ከባለገንዘብ ጋር መሻረክ ነው፤ ገንዘቡ ከእሱ፣ ልፋቱ ከእናንተ። ሽርክናው ከወንድም ጋር ቢሆን እንኳ በጽሑፍ ይሁን። ትርፉን እንዴት እንደሚካፈሉ ተነጋግረው ኪሳራውን ሳያነሱ የጀመሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ዛሬ ሰላምታም የላቸውም።

በከባድ ወለድ ተበድሮ መጀመርን ግን አልመክርም። ወለድ ሠራተኛ ቀረ፣ ዝናብ ዘነበ አይልም፤ ዝም ብሎ ይቆጥራል።

ቤት ከማየታችሁ በፊት ሰፈር ምረጡ

አንድ ሰፈር ያዙና ለጥቂት ወራት ምንም ሳትገዙ ዙሩበት። የምትፈልጉት ሻጭ የሚጠራውን ዋጋ ሳይሆን ቤቶች በትክክል የተሸጡበትን ነው። መጠናቸው የሚቀራረብ፣ በቅርቡ የተሸጡ ቢያንስ ሦስት ቤቶችን ዋጋ እስክታገኙ ድረስ ቀብድ አትክፈሉ። የደላላን ቃል ስሙ፣ ግን እሱ የሚያገኘው ስትገዙ እንጂ ስታተርፉ አለመሆኑን አትርሱ።

ሂሳቡ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል

አብዛኛው ጀማሪ ከመግዣው ይነሳል። በዚህ ገዛሁ፣ ይህን ያህል ለጥገና አወጣሁ፣ ትንሽ ጨመርኩበትና ሸጥኩት ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰላሁት። ገዢው ግን እናንተ ስንት እንዳወጣችሁ ደንታው አይደለም። እሱ የሚያየው ጎረቤት ያለው ቤት ስንት እንደተሸጠ ነው።

ስለዚህ ከመሸጫው ተነሱ። በሥራው የቆዩ ሰዎች የሚጠቀሙባት አንዲት የጣት ሂሳብ አለች፤ ቤቱ ታድሶ ሲያልቅ የሚያወጣውን ዋጋ 70 በመቶ ውሰዱ፣ ከዚያ ላይ የጥገናውን ወጪ ቀንሱ። የቀረው ለመግዣ የምትከፍሉት የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ቤቱ ታድሶ 100 ያወጣል እንበል። 70 በመቶው 70 ነው። ጥገናው 20 ከፈጀ ከ50 በላይ መክፈል የለባችሁም።

የቀረችው 30 ሁሉ ትርፍ ትመስላለች። አይደለችም። የውል ወጪ፣ ግብር፣ የደላላ ኮሚሽን፣ ብድር ካለ ወለድ፣ ቤቱ እስኪሸጥ የሚከፈለው መብራትና ውሃ፣ ጥበቃም ካለ የእሱ ደሞዝ ከዚያችው ላይ ይሄዳሉ። ቤቱ ርካሽ ሲሆን ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል። ምክንያቱም የጠበቃ ክፍያና የአናጺ የቀን ዋጋ ቤቱ ትንሽ ነው ብሎ በዚያው ልክ አይወርድም። በትንሽ ቤት የምትጀምሩ ከሆነ 70ን ወደ 65 ብታወርዷት አይቆጫችሁም።

የኔን በዚሁ ሚዛን ልንገራችሁ። 100 ያወጣል ያልኩትን ቤት በ58 ገዛሁ። ለጥገና የገመትኩት 20 ወደ 27 ወጣ። ሦስት ወር ያልኩት ሥራ ሰባት ወር ፈጀና ሌላ ሌላው ወጪ 11 ደረሰ። ድምሩ 96። በዚያች ርጥብ ግድግዳ የተነሳ የሸጥኩት በ95 ነው። ሰባት ወር ለፍቼ፣ ከኪሴ አንድ ጨምሬ ወጣሁ። ከመግዛቴ በፊት 70 ሲቀነስ 20 ብዬ ብሆን ኖሮ በ58 አልነካውም ነበር።

ሻጩ በጣሪያችሁ ካልተስማማ ውጡ። ቤቱን ወደድኩት ብሎ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ የለም፤ የምትኖሩበት እናንተ አይደላችሁም።

ውሃው ከየት ነው?

የተሰነጠቀ ሴራሚክ፣ የቆሸሸ ቀለም፣ የረገበ በር አያስፈሯችሁ። እንዲያውም ትርፉ ያለው እነሱ ላይ ነው፤ ሌላውን ገዢ ያባርራሉ፣ እናንተ በርካሽ ታስተካክሏቸዋላችሁ። የሚያስፈራው ውሃ ነው።

ቤት ለማየት ስትሄዱ የእጅ ባትሪ ያዙ። ባትሪውን ግድግዳው ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ አብሩት፤ ከጎን የሚመጣ ብርሃን የተነፋ ልስን ሁሉ ያሳያል። አንድ ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን በሉ። ግድግዳው ግርጌ ላይ እንደ ጨው ነጭ ዱቄት ካያችሁ እርጥበት ሲመላለስበት የቆየ ግድግዳ ነው። ቁም ሳጥን ከፍታችሁ አሽትቱ። ያፍራል፣ ግን አሽትቱ።

እርጥበቱ የት እንደተቀመጠ ብዙ ይናገራል። ከወለሉ ተነስቶ እስከ አንድ ሜትር አካባቢ ሲወጣ ከመሬት የሚሳብ ሊሆን ይችላል። ከላይ ከኮርኒሱ ጥግ ከወረደ ጣሪያውንና አሸንዳውን እዩ። መታጠቢያ ቤት ጀርባ ላይ ብቻ ከሆነ ቧንቧ ጠርጥሩ። ቧንቧውን መፈተሽ ቀላል ነው። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉ፣ የውሃ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል።

እርጥበቱ ከግድግዳው ውስጥ ይሁን ከክፍሉ አየር ካልለየላችሁ ይህን ሞክሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው በእናንተ በኩል ከታየ ችግሩ የአየር ነው፤ መስኮት መክፈትና አየር ማስወጫ ማስገባት ሊበቃ ይችላል። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ውሃ ይዟል።

እኔ ይህን ሁሉ አላደረግኩም። ቀለም ቀቢው "ውሃ የማያሳልፍ ቀለም አለ" አለኝ፣ እኔም ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ ሁለቴም ተነፋ። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ነው አንድ ግንበኛ በውጭ በኩል ዞሮ ያሳየኝ። የቀድሞው ባለቤት አበባ ሊተክል አፈር ከግድግዳው ጋር ከምሮ፣ አፈሩ ከውስጡ ወለል በላይ ሆኗል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይጠጣል። አፈሩን ዝቅ አድርጎ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ተዳፋት መሥራት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ያ ቀለም ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያዘው እንጂ አላቆመውም። ምንጩ ሳይዘጋ በዚህ ዓይነት ቀለም ላይ የሚወጣ ገንዘብ የተጣለ ገንዘብ ነው። ምንጩ ከተዘጋ በኋላም ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ወፍራም ከሆነ ወራት ሊወስድ ይችላል። ያንን ጊዜ ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት።

ወረቀቱን፣ እዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን በሻጩ ጠበቃ ሳይሆን በራሳችሁ ጠበቃ አስመርምሩ።

ሥራው

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ጣሪያ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልስን፣ ቀለም፣ በመጨረሻ ወለል። ቀለሙ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ግድግዳ ሲፈለፍል ቆሞ ማየትን የመሰለ የሚያናድድ ነገር የለም። መብራትን በራሳችሁ አትሞክሩት። ቀለም ግን ማንም ይለምደዋል። ጥሩ ብሩሽና ጥሩ ሮለር ግዙ፤ ርካሹ ሮለር ፀጉሩን ግድግዳው ላይ እየተወ ይሄዳል። የሴራሚክ መቁረጫ ግን ተከራዩ። በጣም አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አርጥቡት፣ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ።

ለሠራተኛ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። በየደረጃው ይሁን፣ የመጨረሻዋም ክፍያ ተመልሶ እንዲመጣ የምታስገድድ ትሁን።

ከሁሉ በፊት ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ላይ አውጡ፤ ገዢ ቧንቧ የሚከፍተው እዚያ ነው። ውድ እብነ በረድ ግን ይቅርባችሁ። የሰፈሩ ዋጋ ከሚፈቅደው በላይ ብታሳምሩት ትርፉን የሚያገኘው ገዢው ነው።

ሲሸጥ ቤቱን ባዶና ንጹሕ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን አሳዩ። ያስተካከላችሁትን በፎቶ ያዙት፤ በተለይ ልስኑ የሸፈነውን ቧንቧና ሽቦ። "ውስጡስ?" የሚል ገዢ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ስልካችሁን አውጥታችሁ ታሳዩታላችሁ። የሚቀጥለውን ቤት ቀብድ የምትከፍሉት ደግሞ የዚህኛው ገንዘብ አካውንታችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። "ነገ ይገባል" ያለኝን ገዢ አምኜ ቀብድ ከፍዬ፣ ነገ ሦስት ሳምንት ሆኖ ቀብዴን በልቶብኛል።