የጃፓን ቁርስ ቤት ውስጥ ስትሰሩ የምታበላሹት ነገር

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፎቶ ነው። ሪዮካን የሚባሉት የጃፓን ባህላዊ እንግዳ ማረፊያዎች ጠዋት ጠረጴዛውን በትንንሽ ሳህን ይሞሉታል። ያንን ቤቱ ሊደግም የተነሳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ዳቦው ይመለሳል። የቤት ቁርስ ሩዝ፣ የሚሶ ሾርባ፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ ወይም እንቁላል፣ ከጎኑ በጨው የቆየ አትክልት ነው። ከእራት የተረፈም ይበላል። ዳቦ በልቶ ሥራ የሚሄድ ጃፓናዊም ሞልቷል። ናጎያ ውስጥ ጠዋት ቡና ካዘዛችሁ ቶስትና ቅቅል እንቁላል ጨምረው የሚያመጡ ካፌዎች አሉ። ስለዚህ አትጨናነቁ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ፦ ሚሶ ማፍላት። ሚሶ እኮ ከአኩሪ አተር ለወራት ተብላልቶ የተሠራ ሊጥ መሳይ ማጣፈጫ ነው። ያ ሁሉ ወራት የደከመበት መዓዛ ሲንተከተክ በኖ ይጠፋል። አንድ ወዳጄ ቁርስ ጋበዘኝ፤ ዓሣው እስኪደርስ ሾርባው ምድጃ ላይ ሲፈላ ቆየ። የቀረበልኝ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነበር። «ሚሶው ርካሽ ስለሆነ ነው» አለኝ! ኧረ ሚሶው ምን አደረገ? መከለሻ ወጡ ሊወርድ ሲል አይደል የሚገባው? ይሄም እንደዚያው ነው። አትክልቱና ቶፉው (የአኩሪ አተር አይብ በሉት) ይብሰል፣ እሳቱን አጥፉ፣ ከዚያ ሚሶውን ጭልፋ ውስጥ በትንሽ ሾርባ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃል። ስታሞቁትም አታፍሉት።

ሚሶን በባዶ ውሃ መበጥበጥም አለ። መረቁ፣ ዳሺ የሚሉት፣ ከሌለ ሾርባው መሠረት የለውም። ኮምቡ የተባለውን የደረቀ የባሕር ተክል ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ጠዋት አሙቁትና ሊፈላ ሲል አውጡት፤ ከፈላ ይዝለገለጋል። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1908 ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከዚሁ ከኮምቡ መረቅ ነው፤ የጣዕሙ ምስጢር እሱ ነው። በጾም ዓሣ የማትበሉ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የዱቄት ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣ አለበት። ኮምቡና የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ይበቃችኋል። የጃፓን የቡድሃ ገዳማትም መረቃቸውን እንዲያ ነው የሚያወጡት።

ሩዙን ረጅም ፍሬ ባለው ባስማቲ አትሞክሩት፤ በቾፕስቲክ አይያዝም። አጭር ፍሬ ያለውን ሩዝ ግዙ። ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ ከበሰለ በኋላ ክዳኑን ሳትነኩ 10 ደቂቃ ተዉት። ጨውም ዘይትም አይገባበትም። ከጃፓን የሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው መለኪያ 180 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሌላ ኩባያ ለክታችሁ ሩዙ ገንፎ ሆነ አትበሉኝ።

ለዓሣው ሳልመን የሚባለውን ያዙ፤ ጨው ነስንሱበት፣ የሚያወጣውን ውሃ በወረቀት አድርቁት፣ ጥበሱት። አለቀ።

ትኩስ ሩዝ ላይ ጥሬ እንቁላል ሰብሮ መብላት ጃፓን ውስጥ የተለመደ ነው። እዚያ እንቁላል የሚታጠበውና የመጠቀሚያ ቀኑ የሚወሰነው በጥሬው እንደሚበላ ታስቦ ነው። ከሰፈር ሱቅ በተገዛ እንቁላል ግን እንዳትሞክሩት፤ ጠብሳችሁ ብሉ።

ናቶስ? የተብላላ አኩሪ አተር ነው፤ ይሸታል፣ እንደ ክር ይሳባል። ጀማሪ በሱ ባይጀምር ይሻላል። ኦሳካ አካባቢ እንኳ የማይወዱት ብዙ ናቸው። ካማራችሁ መጀመሪያ በደንብ አማስሉት፣ ከዚያ አብሮት የሚመጣውን ስጎና ሰናፍጭ ጨምሩ፣ ትኩስ ሩዝ ላይ አድርጉት። መጥበሻ ላይ እንዳታሞቁት ብቻ፤ ሽታው ቤቱን ይይዘዋል።