ፋይበር ሲቆረጥ ራውተሮቹ ራሳቸው መንገድ እንዲቀይሩ

የምሠራው ደሴ ነው። ከምይዛቸው ኔትወርኮች አንዱ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ቢሮዎችን ያገናኛል። ዋናው መስመር 1 ጊጋ ፋይበር ነው። መጠባበቂያው ተራራ ላይ ባለ ማማ በኩል የሚያልፍ 100 ሜጋ ሬዲዮ ነው። ዶሮ መዝለያ አካባቢ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ይበጠሳል። ድሮ መስመሩን በእጄ ነበር የምቀይረው፣ ሌሊትም ቢሆን። አሁን ሥራው የኦኤስፒኤፍ (OSPF) ነው፤ ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት ፕሮቶኮል ነው።

በዚህ ፕሮቶኮል አለቃ ራውተር የለም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ መስመሮች ለሌሎቹ ይናገራል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ፣ አጭሩን መንገድም በየራሳቸው ያሰላሉ።

መጀመሪያ ለየራውተሩ የማይደገም መለያ ስጡ። ሁሉንም ኤሪያ 0 (የፕሮቶኮሉ ዋና ክልል) ውስጥ አስገቡ። የሁለቱ ጫፍ ኤምቲዩ (መስመሩ የሚያሳልፈው የፓኬት ከፍተኛ መጠን) እኩል ይሁን፤ ካልሆነ የራውተሮቹ ጉርብትና ኤክስስታርት በሚባለው፣ ካርታ መለዋወጥ ሊጀመር ሲል ባለው ደረጃ ላይ ተገትሮ ይቀራል። የይለፍ ቃልም አትርሱ።

ቀጥሎ ኮስት፣ ማለትም ለየመስመሩ የሚሰጠው ዋጋ፤ ዋጋው ትንሽ የሆነው መንገድ ይመረጣል። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ እኔን ሁለት ሳምንት ያንከራተተኝ ይሄ ነው። ብዙ ራውተሮች ኮስትን የሚያሰሉት 100 ሜጋን ለመስመሩ ፍጥነት አካፍለው ነው። ውጤቱ ከ1 በታች አይወርድም። ስለዚህ ጊጋው ፋይበርም 1፣ ሬዲዮውም 1 ይሆናል። ራውተሩ እኩል ናቸው ብሎ ትራፊኩን ለሁለት ይከፍለዋል። ፋይበሩ ደህና ሆኖ ሳለ የኮምቦልቻ ሰዎች «ዛሬም ይንቀራፈፋል» የሚሉኝ ለካ ለዚህ ነበር! መነሻ የሆነውን 100 ሜጋ በሁሉም ራውተሮች ላይ ወደ 100 ጊጋ ከፍ አድርጉት። ያኔ ፋይበሩ 100፣ ሬዲዮው 1000 ይሆናል።

ሄሎ የሚባለው የ«አለሁ» መልእክት በየ10 ሴኮንዱ ይላካል፤ ጎረቤት ሞተ የሚባለው 40 ሴኮንድ ድምፁ ሲጠፋ ነው። በመሃል ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ከራውተሩ የመዳብ ገመድ ጋር የሚያገናኝ ሳጥን) ካለ ፋይበሩ ተቆርጦም የራውተሩ ፖርት እንደበራ ሊቆይ ይችላል። ያኔ ራውተሩ 40 ሴኮንዱን ይጠብቃል፤ ለስልክ ጥሪ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ቢኤፍዲን (BFD፣ መስመሩ መኖሩን ቶሎ ቶሎ የሚፈትሽ ፕሮቶኮል) ጨምሩ፦ በየ300 ሚሊሴኮንዱ መልእክት ይላክ፣ ሦስት ሲያመልጥ ይቁረጥ። ከአንድ ሴኮንድ በታች ነው። ሬዲዮው ላይ ግን ላላ አድርጉት፣ አለዚያ በትንሽ መንገጫገጭ ይወድቃል ይነሳል።

አሁን ፈትኑት። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ፒንግ ክፈቱና ገመድ ንቀሉ። የራውተሩን ገመድ አይደለም፤ እሱ ሲነቀል ፖርቱ ወዲያው ስለሚጠፋ ቢኤፍዲው አይፈተንም። ከኮንቨርተሩ ወዲያ ያለውን ፋይበር ንቀሉ። ሁለት ሦስት ፒንግ ጠፍቶ ከቀጠለ፣ አብሽሩ። መልሳችሁ ሰኩትና ትራፊኩ ወደ ፋይበሩ መመለሱንም እዩ።