የሂንዲ የመጥፎ ሽታ ቃላት፦ ስንማራቸው ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሂንዲ የሚማር ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ሰላምታና ቁጥር ነው። ቀጥሎ ምግብ፣ መንገድ፣ ዋጋ። የሽታ ቃላት ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከዚያ በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት አፍ ላይ አይመጡም። ዴልሂ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ሲገማበት ለአከራዩ ማስረዳት አለበት። ዱባይ ወይም ዶሃ ከህንዶችና ከፓኪስታኖች ጋር አንድ ኩሽና ውስጥ የምትሠራ እህታችን ሥጋው መበላሸቱን ቶሎ መናገር አለባት። ጋዝ ሲያፈስማ ጭራሽ ጊዜ የለም።

ብዙዎቻችን ሂንዲን የምንማረው በእንግሊዝኛ መተግበሪያና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ በኩል ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚያ ነው። የሽታ ነገር ሲነሳ አማርኛችን ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለሂንዲ ይቀርባል። ይህን ጥቅማችንን ትተን በሩቅ መንገድ ስንዞር ማየት ያሳዝነኛል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ሂንዲ ውስጥ ከትንፋሽ ጋር የሚወጡ ድምፆች አሉ። እነሱን ለማሳየት ከፊደሉ ቀጥሎ «ህ» እጨምራለሁ።

«ባድቡ» ብሎ ማንበብ

መጥፎ ሽታ በሂንዲ «በድቡ» ነው። በላቲን ፊደል ተጽፎ ያየው ሰው «ባድቡ» ይለዋል። የሂንዲ አጭር አናባቢ ግን ከኛ የግዕዝ ድምፅ፣ ከ«በ» ጋር በጣም ይቀራረባል። ረጅሙ ደግሞ የኛ ራብዕ፣ «ባ» ነው። ስለዚህ ቃሉን በፊደላችን ጽፎ መያዝ ይሻላል። የሂንዲው ፊደል ዴቫናጋሪም እንደኛው ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ መማሩ ለኛ ያን ያህል አይከብድም።

ቃሉ የመጣው ከፋርስኛ ነው። «በድ» መጥፎ፣ «ቡ» ሽታ። ተቃራኒው «ኹሽቡ» ነው፤ መልካም መዓዛ። «በድ»ን አንዴ ካወቃችሁ «በድናም» ስትሰሙ ስሙ የጠፋ ሰው መሆኑን ትገምታላችሁ። ከዚህ የሚከተል ትንሽ ስህተትም አለ። መጥፎነቱ ቃሉ ውስጥ ስላለ «መጥፎ በድቡ» ማለት አያስፈልግም። ኃይለኛ ነው ለማለት «ቴዝ በድቡ» ወይም «በሁት በድቡ» በቂ ነው። «ቡ» ብቻውን ሲነገርም ብዙ ጊዜ ወደ መጥፎው ያደላል።

ማሽተትንና መሸተትን መቀላቀል

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በእንግሊዝኛ አፍንጫውን አስጠግቶ የሚያሸት ሰውም፣ ሳያስበው ሽታ የመጣበት ሰውም፣ ራሱ የሚሸተው ነገርም በአንድ ግሥ ይነገራሉ። በዚያ በኩል የተማረ ሰው «ሱንግህና» የሚለውን ግሥ ይይዝና ለሁሉም ይጠቀምበታል። «ሱንግህና» ግን «አሸተተ» ነው። አበባ አንስቶ፣ ወተት ወደ አፍንጫ አስጠግቶ፣ ሆን ብሎ ማሽተት። ጓዳው ሸትቶህ «ሜን ሱንግህ ረሃ ሁን»፣ እያሸተትኩ ነው፣ ብትል የሚሰማህ ሰው «ምንድነው የሚያሸተው?» ብሎ ያይሃል እንጂ ችግሩ አይገባውም።

አማርኛ ይህን ቀድሞ ለይቶታል። «አሸተትኩ» እና «ሸተተኝ» አንድ አይደሉም። «ሸተተኝ» ስንል ሽታው ነው ወደኛ የመጣው። ሂንዲም እንዲሁ ያስባል። «ሙጅሄ በድቡ አ ረሂ ሄ» ይላል። «ሙጅሄ» ለኔ ወይም እኔን ነው፤ «አ ረሂ ሄ» ደግሞ እየመጣች ነው። «መጥፎ ሽታ እየመጣብኝ ነው» እንደማለት። ሽታው ከየት እንደመጣ ለመናገር «ሴ» ትጨመራለች። «ፍሪጅ ሴ በድቡ አ ረሂ ሄ» ማለት ከፍሪጁ መጥፎ ሽታ እየመጣ ነው። የኛ «ከ» ከፊት ትቀድማለች፣ የነሱ «ሴ» ከኋላ ትከተላለች። ልዩነቱ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ «ፍሪጅ በድቡ ሄ» የሚሉም አሉ። ይህ «ፍሪጁ ግማት ነው» እንደማለት ነው። ሽታው ይምጣ፤ ነገሩን ራሱን ሽታ አታድርጉት። የግድ በቅጽል መናገር ከፈለጋችሁ «በድቡዳር» የሚል ቃል አለ፤ የሚሸት፣ የገማ ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም ለብዙም መልኩን አይቀይርም።

ጊዜውንም ልብ በሉ። «አ ረሂ ሄ» አሁን ነው። «አቲ ሄ» ደግሞ ሁልጊዜ። «ሙህ ሴ በድቡ አቲ ሄ» ካልክ የሰውዬው አፍ ዘወትር ይሸታል አልክ። ነጭ ሽንኩርት የበላን ጓደኛ እንዲህ ማለት ከባድ ስድብ ነው።

«አ ረሃ ሄ» ማለት

ሂንዲ ለስም ሁሉ ፆታ ይሰጣል፤ ግሡም ይከተለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሽታን በወንድ ስለለመደ «በድቡ አ ረሃ ሄ» ይላል። ደግነቱ ይህን ለመያዝ ሰንጠረዥ አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሽታ ስሞች በሙሉ ሴት ናቸው። ሽታ ካላችሁ «ረሂ»፣ «አቲ»፣ «ኪ» በሉ።

«ኪ» የኛ «የ» ናት። የቃላቱ ቅደም ተከተልም የኛው ነው፦ የላብ ሽታ፣ «ፐሲኔ ኪ በድቡ»። ላብ ለብቻው ሲነገር «ፐሲና» ነው፤ «ኪ» ስትከተለው «ፐሲኔ» ይሆናል። ቆሻሻ «ኩራ» ነው፣ የቆሻሻ ሽታ ግን «ኩሬ ኪ በድቡ»። ዓሣ «መችህሊ» በ«አ» ስለማያልቅ እንዳለ ይቀጥላል፦ «መችህሊ ኪ ቡ»።

«ገንድህ»ን እና «ገንዳ»ን ማምታታት

«ገንድህ» ሽታ ነው፣ ጥሩም መጥፎም ያልሆነ። «ገንዳ» ደግሞ ቆሻሻ፣ የቆሸሸ ማለት ነው። ዴልሂ ውስጥ ክፍት የፍሳሽ ቦይ «ገንዳ ናላ» ይባላል። ለኛ ሰው ማስታወሻው ቀላል ነው፤ የቆሻሻ ገንዳን ያስብ።

ችግሩ ያለው «ድህ» ላይ ነው። አማርኛ ይህ ድምፅ የለውም። አንዳንዱ ትንፋሹን ጨርሶ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ትንፋሽ ያለባቸውን ድምፆች በ«ጠ» ወይም በ«ጰ» ይተካቸዋል። የኛዎቹ ትንፋሽን አፍነው የሚፈነዱ ናቸው፤ የነሱዎቹ ትንፋሽን የሚለቁ። እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና ሞክሩ። በ«ድህ» ጊዜ እጃችሁ ላይ ሙቀት ሊሰማችሁ ይገባል።

ከ«ገንድህ» ሁለት ቃላት ይወጣሉ፤ ሁለቱም ከጥንቱ የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ናቸው። «ሱገንድህ» መልካም መዓዛ፣ «ዱርገንድህ» ክፉ ሽታ። «ዱርገንድህ» የጋዜጣና የዜና ቃል ነው። ሰፈር ውስጥ ለቧንቧ ሠራተኛው «ዱርገንድህ» ብትሉት ይገባዋል፤ ግን ዜና የምታነቡለት ይመስለዋል። «በድቡ» በቂ ነው። ኡርዱም ይህንኑ ቃል ስለሚጋራ ገልፍ አገር ከፓኪስታን ሰዎች ጋር ለሚሠሩ የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

ለሁሉም ነገር «በድቡ» ማለት

አማርኛ ሽታ፣ ግማት፣ ክርፋት፣ ጥንባት፣ ቅርናት እያለ ይለያል። ሂንዲም ሀብታም ነው። ሁሉንም «በድቡ» የሚል ተማሪ ይግባባል፤ ግን የቋንቋውን ጣዕም ያጣዋል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

«ሰራንድህ» የበሰበሰ ነገር ሽታ ነው፤ የኛ ጥንባት ይቀርበዋል። «ሰርና» ከሚለው ግሥ ይወለዳል፤ መበስበስ። እዚህ ያለው «ር» ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ አጥፎ ወደ ፊት በመወርወር የሚወጣ ነው። «ኩራ» ውስጥ ያለውም እንዲሁ።

«ቺራየንድህ» ፀጉር፣ ቆዳ ወይም ሥጋ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ነው። ለበዓል የበግ ጭንቅላትና እግር ሲለበለብ ግቢውን የሚሞላውን አስቡት። ለዚህ አንድ ቃል ያለው ቋንቋ ያስደንቀኛል።

«ቢሳየንድህ» የጥሬ ዓሣና የጥሬ ሥጋ ሽታ ነው። ዓሣው ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም። ትኩስ ዓሣም ቢሳየንድህ አለው። ሻጩን «ሰራንድህ አለው» ብትሉት ዕቃህ በስብሷል አላችሁት፤ ይቆጣል፣ እውነቱንም ነው። «ሂክ» የሚል ቃልም አለ። የበግ ሥጋ ወይም የእንቁላል ሽታ የሚከብዳቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ ሆድ የሚገለብጥ ሽታ።

በዝናቡ ወራት ደግሞ «ሲለን» ትሰማላችሁ። በሰሜን ህንድ ዝናቡ የሚበረታው እንደኛው በክረምት ነው። ግድግዳው ይረጥባል፣ ልብስ አይደርቅም። ያ እርጥበት «ሲለን» ነው፣ ሽታው «ሲለን ኪ ቡ»። ሻጋታው ራሱ «ፈፉንድ» ይባላል። ክፍል የምትከራዩ ከሆነ እነዚህን ሁለት ቃላት ውል ከመፈረማችሁ በፊት እወቋቸው።

«ባሲ»ን የተበላሸ ብሎ መተርጎም

«ባስ» ሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ መጥፎው ያደላል። «ባሲ» ግን ያደረ ማለት ነው፤ ያደረ ምግብ። የግድ የገማ አይደለም። በራጃስታንና በአካባቢው ባሶዳ የሚባል በዓል አለ። በዚያን ቀን እሳት አይነድም። ትናንት የተሠራው ምግብ ቀዝቅዞ ለሺትላ እንስት አምላክ ይቀርባል፤ ቤተሰቡም እሱን ይበላል። «ባሲ» የበዓል ምግብ የሆነበትን ቤት ገብቶ «ይሄ ተበላሽቷል» ማለት አያምርም። በእርግጥ ለተበላሸ ምግብ «ኸራብ ሆ ገያ ሄ» በሉ።

የማታውቁትን የምግብ ሽታ «በድቡ» ማለት

ህንድ ኩሽና ውስጥ «ሂንግ» የሚባል ሙጫ አለ። ጥሬው በጣም ይከረፋል። ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ ወደ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መዓዛ ይለወጣል፤ ምስር ወጣቸው ያለሱ አይሆንላቸውም። የሰናፍጭ ዘይትም ሲግል አፍንጫ ይሰረስራል። እነዚህን «በድቡ» ማለት የሰው እናት የሠራችውን መስደብ ነው። «ኢስኪ ሜሄክ ቴዝ ሄ» በሉ፤ ሽታው ጠንካራ ነው። «ሜሄክ» ለጥሩ ሽታ የሚያደላ፣ ቢያንስ የማያስቀይም ቃል ነው። ቢሃርና ምሥራቅ ኡታር ፕራዴሽ ግን ግሡን፣ «ሜሄክና»ን፣ ለገማ ነገርም ሲሉት ልትሰሙ ትችላላችሁ። አትደናገጡ።

«ችሂ!» የሚለውን ደግሞ ተጠንቀቁ። እንደኛ «ኤጭ» ነው። ልጅ ቆሻሻ ሲነካ ይባላል። ትልቅ ሰው በተጋበዘበት ገበታ ላይ አይለውም።

ይህ በኛም በኩል ይሠራል። ቤታችሁ ሊጥ ቦክቶ ጎረቤት ቢጠይቃችሁ «በድቡ» በሚል ቃል ይቅርታ አትጠይቁ። «ኸሚር ኪ ሜሄክ ሄ» በሉ፤ የእርሾ ሽታ ነው። ዶሳና ኢድሊም ከቦካ ሊጥ ስለሚሠሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ጋዙን ለመጨረሻ ማቆየት

«ጌስ ኪ ቡ አ ረሂ ሄ!» ጋዝ እየሸተተኝ ነው። ከሁሉም በፊት የሚጠናው ይህ ነው። የሲሊንደር ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም፤ ሲያፈስ እንዲታወቅ ኤቲል መርካፕታን የሚባል የሚገማ ነገር ይጨመርበታል። ስለዚህ ያ ሽታ ማስጠንቀቂያ ነው። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። መስኮት ክፈቱ፣ ውጡ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላችሁ በሉት። ህንድ ውስጥ የሲሊንደር ጋዝ ሲያፈስ የሚደወልበት የአደጋ ቁጥር 1906 ነው። የመቃጠል ሽታ ከሆነ «ጀልኔ ኪ ቡ» ይባላል፤ የመብራት ገመድ ሲቃጠልም፣ ድስት ሲያርርም።

ሰውን በቀጥታ መናገር

«አፕ ሴ በድቡ አ ረሂ ሄ»፣ ከእርስዎ ሽታ እየመጣ ነው። ሰዋስው ትክክል ነው። «አፕ» የአክብሮት ቃል መሆኑ ግን አያድነውም። እኛም ትልቅ ሰው «ይሸታሉ» አንልም፤ «የሆነ ነገር ሸተተኝ» ብለን ወሬውን ከሰው ወደ ነገር እናዞራለን። ሂንዲም ይህንኑ መንገድ ያውቃል። «ሻየድ ኩችህ ሰር ገያ ሄ» በሉ፤ ምናልባት የሆነ ነገር በስብሷል። ወይም ሽታን ጨርሶ ሳታነሱ «ክሂርኪ ክሆል ዱን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መስኮቱን ልክፈተው?